የፈይሩዝ ቁመትና የእኔ እርሳስ

ዛሬ ጠዋት እማዬ የታናሽ እህቴን የፈይሩዝን የእድገት ሆርሞን መርፌ ልታቆም ነበር። "አንድ ጣት እንኳ አልጨመረችም" ብላ አለቀሰች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈይሩዝን ለማብሸቅ በሩ ላይ ያለውን የቁመቷን ምልክት ያላደገች እንድትመስል በየወሩ እያጠፋሁ ከፍ አድርጌ አሰምረው ነበር። ተናዘዝኩ። (ጥፊው መቻራ ከተማ ድረስ ተሰምቷል።)

ከልብስ ሰፊው ሜትር ተውሰን ስንለካት፣ ሐኪሙ ካርዷ ላይ ከጻፈው አራት ጣት አልፋለች። ሱብሃነላህ።

ፍሪጃችን ውስጥ የአክስቴም መርፌ አለ። ፋርማሲስቱ እንዳለኝ ሁለቱም ከፕሮቲን ዘር የሆኑ፣ ፔፕታይድ የሚባሉ ናቸው፤ ለሰውነት መልእክት ያደርሳሉ። የአክስቴ መርፌ የሳሳውን አጥንት "ጠንክር" ይለዋል፣ የፈይሩዝ ደግሞ "ርዘም" ይለዋል። አጥንት ከእኔ የተሻለ ይታዘዛል ማለት ነው።

ፈይሩዝ አሁን እርሳሱን ቀምታኝ "ቁም ልለካህ" እያለችኝ ነው። እናንተስ፣ ቀልዳችሁ እንዲህ ያስደነገጣችሁ ቀን አለ?