ሐጃን የማሻቸው እኔ ነበርኩ

ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ በተቀጠርኩበት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ የሐጃን ጉልበትና ወገብ የማሻቸው እኔ ነበርኩ። ሐጃ የማዳም እናት ናቸው። ተወልደው ያረጁት አል-ሐርስ ተራራ ላይ፣ የመን አፍንጫ ሥር ነው፤ ድንበሩ ሲታመስ ልጃቸው ወደ ከተማ አምጥታ ከራሷ ጋር አስቀመጠቻቸው። ሜዳውም ወበቁም አልተስማማቸውም። ጉልበቴ የተያዘው ዳገት መውጣት ስለተውኩ ነው ይላሉ፤ ሐኪሙ ግን እርጅና ነው ብሏል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ማዳም ጋደም ትላለች፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ። ያኔ የሰሊጥ ዘይት ለብ አድርጌ ሐጃ ክፍል እገባለሁ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ የምልባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። እሳቸው በተራራ ዐረብኛቸው፣ እኔ በተሰባበረው፣ ስለ ማሽላና ስለ ጉም እናወራለን። የመጣሁት ከወሎ መሆኑን፣ ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት ሌላ አልነበረም።

ማሸት ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ በእኛ ሰፈር የታወቀች ወጌሻ ነበረች። እሷ ዘንድ የሚታሽ ሰው አይናገርም፤ ነጠላውን ነክሶ ይችላል። እንባው ካልመጣ ገና ደህና አልታሸም ማለት ነው። እኔም በአክስቴ መንገድ ሐጃ ወገብ ላይ በአውራ ጣቴ ስወርድበት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። ሲያበቃ "አላህ ያዕጢኪ ልዓፍያ" ብለው ይመርቁኛል፣ ጤናውን ይስጥሽ እንደማለት ነው። እጄ መድኃኒት እንደሆነ አልጠራጠርም ነበር።

አንድ ቀን ማዳም ከአንድ የሴቶች ማዕከል ለእናቷ ማሳጅ ሠሪ ቀጠረች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዐስር በኋላ። በሌላ ሰዓት ቢሆን የፈለገችው ሐኪም ብትመጣ ግድ አልነበረኝም። የተወሰደችው ግን የእኔ ሰዓት ናት።

ፊሊፒኒት ትመጣለች ብዬ በሩን ስከፍት ሐበሻ ሆና አገኘኋት። ኒቃቧን ስታወልቅ ከእኔ ብዙ ዓመት የምታንስ፣ ጥፍሯን አሳጥራ የከረከመች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። "እንደምን ነሽ እህቴ" አለችኝ ጥርት ባለ አማርኛ። ማዳም "ተፈደሊ ያ ዶክቶራ"፣ አረፍ በይ ዶክተር ብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞራ "ያላ፣ ሻሂ" አለች። ለአገሬ ልጅ ትሪ ይዤ ጎንበስ አልኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ቀናሁ።

ሻይዋን ሳትጠጣ ትእዛዝ ጀመረች። ሐጃ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት በፊት ምግብ እንዳይቀምሱ፣ ኤሲው ቀዝቃዛ እንዳይሆን፣ ሶላታቸውን ቀደም ብለው ሰግደው እንዲረጋጉ፣ ሲያበቃ ውሃ እንዲጠጡ። "ከሁሉም በላይ" አለችኝ፣ "ሲያማቸው ይናገሩ። ከማሳጅ የሚጠቀመው የሚናገር ሰው ነው።" አክስቴ ብትሰማ ከት ብላ ትስቅ ነበር ብዬ በሆዴ ናቅኋት።

በበሩ ክፍተት ሳይ እጇ ይሄዳል እንጂ አይጫንም። ይሄ ማባበል እንጂ ማሸት ነው እንዴ አልኩ። ይባስ ብሎ ሐጃ ያወራሉ። "እዚህ ጋ። ሽወይ ሽወይ፣ ቀስ። ኤዋ፣ እዚያው" ይሏታል፤ እናቷ በሕይወት እንዳሉ ይጠይቋታል፤ አብረው ይስቃሉ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ "እዚህ ጋ" ብለውኝ አያውቁም። ማድ ቤት ተመልሼ የታጠበውን ድስት እንደገና አጠብኩት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ክፋት አሰብኩ። መርሳ የሚባል የጂዛን ምግብ አለ፤ ትኩስ ቂጣ ከሙዝ ጋር ተፈትጎ ቅቤና ማር የሚፈስበት። ሐጃ ይህን ካዩ እጃቸውን መሰብሰብ አይችሉም። ልጅቷ ልትደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀራት አንድ ሳህን ሠርቼ አቀረብኩላቸው። ከጠገቡ ቀጠሮው ይቀራል፣ እኔም ዘይቴን ይዤ እገባለሁ ብዬ ነው።

ሐጃ ግን ጠግበውም ቀጠሮውን አላስቀሩም። በሆዳቸው ተኝተው ትንሽ እንደቆዩ ላብ አጠመቃቸው፣ አቅለሸለሻቸው። ልጅቷ ደግፋ አስነሳቻቸው፣ ቀና ብላም "በልተዋል እንዴ?" አለችኝ።

"አልበሉም" አልኩ።

ሳህኑ ማሩን እንደያዘ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል። አየችው። ሐጃን በጎናቸው አስተኝታ፣ ትራስ ደግፋ፣ እግራቸውን ብቻ ቀስ እያለች ስታሽላቸው ቀለማቸው ተመለሰ። ማዳም ድምፅ ሰምታ ስትመጣ "ሙቀቱ ነው፣ ዛሬ ይበቃቸዋል" አለቻት። ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በእጇ ብቻ ሳይሆን በጨዋነቷም ልቀናባት ነው።

ስሸኛት በር ላይ ቆም አለች።

"እህቴ፣ እኔ በማልመጣበት ቀን ሐጃን የምታሻቸው አንቺ ነሽ?"

"ከአንቺ በፊትም እኔው ነኝ" አልኳት።

"ወገባቸው በልዟል። የበለዘው ሲጠፋ ሌላ አዲስ የተተካበት ነው የሚመስለው። ለማዳም አልነገርኩም፤ እስቲ ራስሽ ጠይቂያቸው" ብላ ወጣች።

እንጀራዬን ልትዘጋ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ዘይቱ ለጉልበታቸው ነው፤ ወገባቸውን የማሻቸው በቀሚሳቸው ላይ ነው፣ ገላውን አይቼው አላውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ ዋሽታለች ብዬ ራሴን ላሳምን ብዙ ደከምኩ።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ ዘይቱን ሳልይዝ ገባሁ። ሐጃ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተኙ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

"ሐጃ፣ ሳሽዎት ያምዎታል?" አልኳቸው።

"ላ፣ ላ" አሉ ቶሎ ብለው። እኔ ግን እጄን ወገባቸው ላይ ሳላሳርፍ ተቀመጥኩ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና እጄን ያዙኝ። "ያማል ያ ቢንቲ፣ ልጄ" አሉኝ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?"

ሐጃ ጥያቄው ራሱ የገረማቸው ይመስላሉ።

"ብነግርሽ ትተዪው ነበር" አሉኝ። "ከተውሽው ደግሞ ልጄ ወደ ማድ ቤት ትመልስሽ ነበር። የት ቁጭ ትዪ ነበር?"