አውሮፕላን የሌለው የአየር ጭነት ኃላፊ

የሕግ ትምህርቴን አንደኛ ዓመት አዲስ አበባ እንደጨረስኩ ክረምቱን ለማሳለፍ ሐርጌሳ ወደሚኖረው የእናቴ ወንድም ሄድኩ። በከተማው ጦርነት ዳግም ተነስቶ አውሮፕላን ማረፊያው ስለተዘጋ ከጅጅጋ የገባሁት በጭነት መኪና ነው። አብቲ (አጎቴን የምጠራው እንዲህ ነው) በአንድ የእርዳታ ድርጅት የአየር ጭነት ኃላፊ ነበር። ኮድቡር ሰፈር ካለው ቤቱ ስደርስ ግን ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከኃላፊነቱ ተነስቶ የድርጅቱ ግቢ በር ጠባቂ እንዲሆን ተወስኗል። ደመወዙ አልተነካም። የተሰጠው ምክንያት አውሮፕላን አለመምጣቱ ነው።

«ማረፊያውን የዘጋሁት እኔ ነኝ?» አለኝ።

ትናንት ሰላምታ ሲሰጡት የነበሩ ሾፌሮች ነገ በሩን ክፈት ብለው ጥሩምባ እንደሚነፉበት ነገረኝ።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋት ሳይገኝበት ሠራተኛን ከደረጃው ዝቅ ማድረግ ፍትሐዊ ስላለመሆኑ ባለፈው ወር ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቼ ነበር። ስለዚህ አለሁልህ አልኩት። ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ህዳጉን በማስመሪያ አሰመርኩ፤ አንቀጾቹን ቆጠርኩ፤ የአንድ አገር ሕግ በሌላ አገር እንደማይሠራ ግን በሦስቱም ገጽ ትዝ አላለኝም።

ፍርድ ቤት አልነበረም። ዳኛው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ገጠር ሸሽቷል። ጉዳዩን የሚያዩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ከእኛ ጎሳ፣ ሁለቱ ደብዳቤውን ከፈረመው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጎሳ። በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ካለ ግራር ሥር ተቀመጡ። እኔ ብቻ ተነስቼ ቆምኩና «የተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ ጀመርኩ። ሶማልኛዬ ደካማ ስለሆነ በአማርኛ ሳነብ አብቲ ይተረጉምልኝ ነበር። ሦስቱ ገጽ በእሱ አፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ አንደኛው በደንብ እንዳነበብኩ መሰከረልኝ። ከዚያ ከእኛ ወገን ያሉት ትልቁ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«በሩ ላይ ጠመንጃ ይይዛል?»

«ዘበኛ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ማንኪያ ይያዝ?»

«ተኩሶ ሰው ቢገድል የደም ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው? ድርጅትህ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ራሱ ሽማግሌዎች ተመለከተ። የሚከፍለው ጎሳችን መሆኑን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እኛን ሳትጠይቅ በእኛ ዕዳ ጠመንጃ አስታጠቅኸው» አሉት።

እንግዲያውስ ያለ ጠመንጃ ይቁም አለ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ባዶ እጁን ቆሞ ቢገድሉትስ? ፍየል ሞተችብን ልንል ነው?»

የሥራ አስኪያጁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ስለ ፍትሐዊነት፣ ስለ ጥፋት፣ ስለ ሥራ መደብ ማንም አላነሳም። ከሻይ በኋላ ውሳኔው ተነገረ፤ ማረፊያው እስኪከፈት ድረስ አብቲ የአየር ጭነት ኃላፊ እንደሆነ ይቆያል፤ ሲከፈት ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ያን ጊዜ ድርጅቱ ከፈለገ ጠመንጃ የማያስይዝ ዝቅተኛ ሥራ ይሰጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ማረፊያው በሳምንት ውስጥ የሚከፈት ስለመሰለው ቶሎ ተስማማ። ውሳኔውን ልጻፈው ብዬ ጠየቅኩ። ስድስት ሰው ሰምቶታል፣ ምን ያደርጋል ወረቀት አሉኝ። እኔን አልቆጠሩኝም።

በማግሥቱ አብቲ ሸሚዙን አስተኩሶ ቢሮ ገባ፤ ሾፌሮቹም እንደ ወትሮው ሰላም አሉት። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ስላልነበረ የድሮ የጭነት ሰነዶችን በቀለማቸው ሲለይ ዋለ። ሳምንቱ አለፈ፤ ወሩም አለፈ፤ ተኩሱ አልበረደም።

ማታ ማታ ጎረቤቶች ከመስጊድ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው ዱዓ ያደርጉ ነበር፤ አላህ ሰላም ያውርድ፣ መንገዱን ይክፈት፣ አውሮፕላኑን ይመልስ እያሉ። አብቲም እጁን ዘርግቶ አብሯቸው ይቆማል። ሰላም ይውረድ ሲሉ ከሁሉም ቀድሞ አሚን ይላል። አውሮፕላኑ ላይ ሲደርሱ ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል።