በእኔ ስም የተሰጠ መልስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ሳስታውሰው ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

ባለቤቴ ታደሰ ኤርፖርቱ አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል ሶሻል ወርከሯ፣ በሽተኛው ቤት ሲገባ የሚያስፈልገውን የምታመቻቸው ሠራተኛ፣ አስጠራችን። የእኔ እንግሊዝኛ ያን ጊዜ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሽ ወርቁ፣ ሊተረጉሙልኝ መጡ። ሴትየዋ እኔን እያየች ረጅም ጥያቄ ጠየቀች። ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ሳይዞሩ መለሱላት። ሌላም ጠየቀች፤ እሱንም መለሱ። ምን አለች ብላቸው፣ «ደህና ነው፤ የመውጫ ወረቀት ነው፤ ፈርሚ» አሉኝ። ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ታደሰን ብቻዬን አነሣሁት፣ አጠብኩት፣ አጎረስኩት። የሆቴል ጽዳት ሥራዬን ተውኩ። ረጅምና ከባድ ሰው ነው። አንድ ቀን ከገንዳው ሳወጣው ወገቤ ቀጭ አለና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወደቅን። ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምታ ባትደርስልን እዚያው እንቀር ነበር።

ሁለታችንም የምንታከምበት ክሊኒክ ውስጥ ሰናይት የምትባል፣ አዲስ አበባ ያደገች ኤርትራዊት ነርስ ነበረች። ለወገቤ ስሄድ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያግዘኝ ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። የታደሰን ፋይል ገልጣ አየችና አንዱን ገጽ ወደ እኔ አዞረችው።

«እዚህ ላይ ቤተሰቡ የቤት ውስጥ እርዳታ አልፈልግም ብሏል ይላል። ፊርማሽም አለበት።»

የምን እርዳታ አልኳት። በሳምንት ሦስት ቀን መጥቶ የሚያጥበውና የሚያለብሰው ሰው ሊላክልን ይችል እንደነበር፣ እኔም እንዳርፍ ለጥቂት ሰዓት እሱ ዘንድ የሚቀመጥ ሰው መጠየቅ እችል እንደነበር ነገረችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መብቴ ነበር።

እሑድ ከስብከት በኋላ ጋሽ ወርቁን በር ላይ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። አልካዱም።

«ልጄ፣ ባልሽን የባዕድ እጅ እንዳይነካው ብዬ ነው። እኛ የራሳችንን ሰው እንጠብቃለን አልኳት። ለክብርሽ አስቤ ነው።»

«እኛ ያሉት ማንን ነው? በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መጥተው አጥበውታል?»

ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። የሰማው ሁሉ ቆሞ አየን። ሽማግሌ ደፈርሽ ብለው እኔን የገሠጹኝ አሉ፤ እሳቸውን የጠየቀ ግን አልነበረም።

የእርዳታ መጠየቂያውን ወረቀት ሰናይት አብራኝ ሞላች። ከአንድ ወር በኋላ ረዳት ተላከልን፤ ጨዋታ የሚወድ ፊሊፒናዊ ጎልማሳ። ጢሙን ሲላጨው ታደሰ ሳቀ። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁና ማውንት ቤከር የሚባለው ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄጄ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ። ብቻዬን ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

ታደሰ ከዚያ ወዲያ አምስት ዓመት ኖረ። ጋሽ ወርቁም አርፈዋል፤ ቀብራቸው ላይ ደግ ሰው ነበሩ ተባለ። ይሆናል። ያቺ ሶሻል ወርከርም ብትሆን ፊቷ ተቀምጬ ሳለሁ አንዴ እንኳ «እሷ ምን አለች?» አላለችም። ዛሬ እንግሊዝኛ ችያለሁ፤ ለሌሎችም እተረጉማለሁ። ባለጉዳይዋ ራሷ ሳትመልስ አፌን አልከፍትም።

ይቅር በያቸው የሚሉኝ አሉ። እስካሁን አልቻልኩም፤ ችያለሁ ብዬም አልዋሽም።