ሁለት ግራ እጅጌ

ታላቅ እህቴ ታማለች ብሎ የሚያምን ሰው ከፈለጋችሁ እኛ ቤት አትምጡ። እሷ ራሷ እንኳ “አመመኝ” የምትለው ደንበኛ እንዳይሰማት ወደ ግድግዳው ዞራ ነው። እኔ ግን ካውያዬን ይዤ ከጎኗ ስቆም ዓመታት አልፈዋል፤ ያየሁትን እናገራለሁ። ዝም ብዬ እስከ መቼ ልረር!

እህቴ ልብስ ቆራጭ ናት። የስፌት ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በሩ አጠገብ የእሷ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ የባሏ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ የእኔ ካውያ። እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይሰፋል፣ እኔ ቁልፍ ተክዬ እተኩሳለሁ። ጠረጴዛውን ያሠራው ባሏ ነው፤ ያሠራውም በራሱ ቁመት ልክ ነው። እሱ ደግሞ፣ አይቀየመኝና፣ ቁመት ሲታደል ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነው። እህቴ መለሎ ናት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እጥፍ ብላ ትቆርጣለች። “እባክህ እግሩን አስረዝምልኝ” ስትለው “ይደረጋል” ይላል። “ይደረጋል” ማለት እኛ ቤት “እርሺው” ማለት ነው።

ሕመሟ ከወገቧ ይነሳና በግራ እግሯ ቁልቁል ይወርዳል። አንዳንዴ መቀሱን እንደያዘች ድርቅ ትላለች፤ ትንፋሿን ትውጥና ትቀጥላለች። ጥፋቷም መቀጠሏ ነው። ተኝታ ብታቃስት ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበላት ነበር። ቆማ ስለምትሠራ ግን “ወገቤን” ባለች ቁጥር ባሏ ከመኪናው ቀና እንኳ ሳይል “ወገብ የሌለው ማን አለ?” ይላታል። አማቷ “እኔ በአንቺ ዕድሜ” ብለው ይጀምራሉ። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ልጇ “እማዬ፣ ስፖርት ሥሪ እንጂ” ይላታል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

በመጨረሻ እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የመጀመሪያው ኪኒን ወገቧን ለቀቅ አድርጎ ጨጓራዋን ያዘ። ጠዋት ጠዋት ደረቷ ሥር እየተቃጠለ አንድ ጉርሻ መዋጥ አቃታት። ባሏ ምን ቢል ጥሩ ነው? “መጀመሪያ ወገብ፣ አሁን ደግሞ ሆድ። ነገ ምን ልትጨምሪበት ነው?” መድኃኒቱ የእሷን ጨጓራ ላጠ፤ ባሏ የእኔን። ሐኪሟም ይሄኛው ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ አይደለም፣ ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳል ብላ አስቆመቻትና ጠንከር ያለ ሌላ ሰጠቻት።

ያንን የወሰደች ቀን እህቴ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ መምህር ኮት ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ፊትና ጀርባው የሚለይ፣ ሰውየው አሳንሶ ያመጣው ጨርቅ። ጨርቅ ሲበቃ ታጥፎ ሁለቱ እጅጌ አንድ ላይ ይቆረጣል፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ሆኖ በራሱ ይወጣል። ሲያንስ ግን ተዘርግቶ አንድ በአንድ ነው የሚቆረጠው፤ ለሁለተኛው እጅጌ የልኩን ወረቀት መገልበጥ ነው። ጀማሪም የሚያውቀው ነገር ነው። እህቴ እያንጎራጎረች ሳትገለብጠው ቆረጠች።

ከሰዓት በኋላ ባሏ ኮቱን ሊገጣጥም ሲል አንዱን እጅጌ አዞረ፣ መልሶ አዞረ፣ ከዚያ ሁለቱንም ብድግ አድርጎ ያዘ።

“ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ስንት ግራ እጅ ነው ያለው?”

እህቴ አየችው። መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። “ጭንቅላቴ ውስጥ ጭጋግ አለ” አለች።

“በቃ፣ ከእንግዲህ የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንቺ ዕረፊ” አላት፤ መቀሱንም ወደ ራሱ ሳበው። ሁለቱን ግራ እጅጌዎች ደግሞ ከመኪናው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀላቸው፤ ቀልድ መሆኑ ነው። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያሳያል፣ ይስቃል። የእሱ አቆራረጥ ግን አያስቅም። ባልየው ጥሩ ሰፊ ነው፤ መቀስ ሲይዝ ግን የሰውን ልጅ ሁሉ በራሱ ልክ ያየዋል። በሁለት ቀን ሱሪያቸው ያጠረባቸው ሰዎች በር ላይ ቆሙ።

እህቴን ያስጨነቃት ሱሪው አልነበረም። “ሕመሙን እችለዋለሁ” አለችኝ እኔን ለብቻዬ። “መቀሱን ከነጠቀኝ ግን ምን ቀረኝ? ቁጭ ብዬ ሕመሜን ላዳምጥ?” ከዚያ መድኃኒት የሚባል ነገር ላለመቅመስ ማለች። እኔም ደሜ ፈላ። በኪኒን መቁረጥ አትችል፤ ያለ ኪኒን መቆም አትችል፤ ሦስተኛ መንገድ ካለ ሐኪሟን እንጠይቅ ስላት እምቢ ትላለች! ግትርነት ከእናታችን የወረስነው ብቸኛ ንብረት ነው፤ እኔም ድርሻዬ አለኝና ክንዷን ይዤ ሐኪሟ ፊት አስቀመጥኳት።

ሐኪሟ ስለ እጅጌው ሰምታ አልሳቀችም። “እማማ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም” አለች። “ሕመሙን ነቅሎ የሚጥል ኪኒን የለኝም። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ምን መሥራት ቢችሉ ነው ተሻለኝ የሚሉት?”

እህቴ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ትንሽ አሰበች። “ቆሜ መቁረጥ። ጭንቅላቴ ጥርት እንዳለ።”

“እንግዲያው ጠንካራውን እንተወው። አንድ ሌላ አለ፤ በብዛት ሲወሰድ የድብርት መድኃኒት ነው፤ በትንሹ ግን የነርቭ ሕመምን ያበርዳል። ከመኝታ በፊት ነው የሚወሰደው። አፍ ያደርቃል፣ መጀመሪያ ላይ ጠዋት ሊከብድዎት ይችላል፤ ከከበደዎት ይንገሩኝ። ደግሞ ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። የሚቆርጡበት ጠረጴዛም ከፍ ይበል።”

“ጠረጴዛውስ ይቅር” አለች እህቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ እያለች።

መድኃኒቱን እንዲያመጣ ልጇ ተላከ። ጥፋቱ የኔ ነው እንዳትሉኝ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባለ ፋርማሲው ኪኒኑን እየሰጠው “ይሄ እንኳ የድብርት መድኃኒት ነው” ብሎ ጀመረ፤ ልጁም ጆሮው እዚያው ላይ ተዘጋ። የቀረውን አልሰማም። ፊቱ አመድ መስሎ መጣና አባቱን ጓዳ ጠራው። ሲወጡ ባልየውም አመድ መስሏል።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ። በማግስቱ ባልየው ሻይ ይዞላት መጣ። በጋብቻ ዘመኑ ስኳር የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው! ልጇ በየቀኑ ከቢሮው ይደውላል፤ “እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እውነቱን ንገሪኝ” ይላታል። አማቷ ሳይቀሩ “ልጄ፣ አስቀይሜሽ ከሆነ” ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ምንም አልቀራቸው።

“ማን ነው ያስከፋሽ?” አላት ባሏ አንድ ጠዋት።

“ማንም። ወገቤን ነው የሚያመኝ።”

“እሺ፣ እሺ፣ ወገብሽን ነው” አለ፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

እህቴ ወደ እኔ ዞራ “ምን ሆነዋል እነዚህ ሰዎች?” አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም አላወቅኩም። ባልየው መቀሱን መለሰላት። ከሁሉ የባሰው ግን የሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ አናጢ ጠርቶ የጠረጴዛውን እግር አስቀጠለ። ስንት ዓመት የተለመነውን ጠረጴዛ በግማሽ ቀን! እህቴ ቀና ብላ ቆማ ጨርቁን ስትዳብስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባልየው ያንን እንባ አየና “ይኸው፣ ከፍቷታል” ብሎ ለልጁ ሹክ አለ።

ሳምንታቱ አለፉ። አፏ ደረቀ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ተንገዳገደች፣ ሁለት ጊዜ “ልተወው” ስትል ሁለት ጊዜ ጮህኩባት። ከዚያ አንድ ቀን ኮት ቆርጣ ስትጨርስ ድርቅ አለማለቷን አስተዋልኩ። ሕመሙ አልሄደም፤ ግን ጭንቅላቷ ጥርት እንዳለ ቆማ ቆረጠች። የፈለገችውም ይሄንኑ ነበር።

ለቀጠሮው ልጇ አብሯት ሄደና ነገሩ እዚያ ተፈታ። ሐኪሟ አስረዳችው። እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ እንደቆመ “አባዬ፣ ድብርት አይደለም! ለወገቧ ነው!” አለ።

ባልየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከዚያ ከልቡ ሳቀ። “አይ አንቺ ሴትዮ! እኛ እኮ ተጨንቀን አለቅን! ወገብ ብቻ ነው እንዴ? ተመስገን!” እንደሳቀም ወደ መኪናው ሊመለስ ሲል እጁን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገ። “እንግዲያስ ይሄ ነገር ለኔ ከፍ ብሎብኛል። አናጢው ትንሽ ዝቅ ያድርገው።”

እህቴ ከልጇ ኋላ ገብታ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም ነበር። ወደ ግድግዳው አልዞረችም።

“ሰባት ዓመት ‘አመመኝ’ አልኩህ፤ ‘ወገብ የሌለው ማን አለ’ አልከኝ። አንድ ቀን ‘ከፍቷታል’ ሲሉህ አናጢ ጠራህ” አለች። “ያኔ አልከፋኝም ነበር። አሁን ከፋኝ።”

ልጇ ጫማውን ያያል። እኔ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስቼ ጨርቁ ሸተተኝ፤ ቶሎ አነሳሁት።

ባልየው በርጩማው ላይ ወጥቶ ሁለቱን ግራ እጅጌዎች ከሚስማሩ አወረዳቸው። አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ወደ እሷ ሄደ።

“የት ላይ ነው የሚያምሽ?” አላት።

ይሄን ጥያቄ እኛ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም። እህቴ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔዋን አነሳች፣ ትከሻውን ይዛ አዞረችው፣ ከቀበቶው በላይ ሸሚዙ ላይ ነጥብ አደረገች።

“ከዚህ ይነሳል።”

ጠመኔው በመቀመጫው ላይ ወረደ፣ በጭኑ ጀርባ፣ በጉልበቱ ቋንጃ፣ በባቱ። እሱ ልኩ እንደሚወሰድ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነጩ መስመር ጥቁር ሱሪው ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ፤ አንገቱን አዙሮ ቁልቁል አየው።

“ይሄን ሁሉ?” አለ።

“ይሄን ሁሉ” አለችው።