ባዶ ፍላሽ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የሰከርኩባቸውን ቀናት፣ የማልኩትን የውሸት መሐላ፣ ሳልጾመው ጾምኩ ያልኩትን ዓርብ ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰርና «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ አለ። ለአንተ ለአንባቢው የምነግርህ ስለማላውቅህ ነው። ፊትህን አላየውም፤ እሱም ይሻለኛል። የሰው ፊት ማየት ከብዶኛል። የሰው ፊት እያየ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ራስህ ገምት።

ጭሮ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ፎቶ አነሳለሁ። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት። ሁለት ካሜራ አለኝ። ትልቁ ዲኤስኤልአር የሚባለው ነው፤ አሥር ዓመት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ አንገቴን አጣሞታል። ሰማንያ አምስት የምንላት ሌንስ አለችው፤ ከኋላ ያለውን ግርግር ሁሉ አደብዝዛ አንድ ፊት ብቻ ነጥላ የምታወጣ። ትንሿ ሚረርለስ ናት፤ ከድሬዳዋ ያመጣኋት፣ የኮት ኪስ ውስጥ የምትገባ። የሁለቱን ልዩነት ለደንበኛ ሳስረዳ ደስ ይለኝ ነበር። በትልቁ ካሜራ ማያ ቀዳዳ ስታይ የምታየው ሰውየውን ራሱን ነው፤ ብርሃኑ በመስታወት ነጥሮ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። በትንሿ የምታየው ግን ስክሪን ላይ የተሠራ ምስሉን ነው። ይህን ልብ በልልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ትንሿን ስገዛ አቅሜ ለአንድ ሌንስ ብቻ ነበር። ሻጩ ደህና ሰው ነው፤ ሀምሳ የሚባለውን ሌንስ ውሰድ፣ የትልቁ ባትሪ ሲደክምብህ በትንሿም ፊት ማንሳት ትችላለህ ብሎ መከረኝ። እኔ ሰፊውን መረጥኩ። ሰፊው ሌንስ አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው ይይዛል፤ ክፋቱ ዳር የቆመውን ሰው ፊት እንደ ሊጥ መለጠጡ ነው። የሠርግ ባለቤት ደግሞ አልበሙን ሲገልጥ የሚፈልገው ብዛት ነው፤ እገሌ መጥቷል፣ እገሊትም አለች ማለት ነው የሚወደው። ለብዛት ስል ፊትን ተውኩ። ማንም አላስገደደኝም።

አሁን ደግሞ የሙያችንን ነውር ልንገርህ። ሠርግ ላይ ሁሉም አንሳኝ ይላል፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ ጠጅ ያሸነፈው ሚዜ። ሁሉንም ካነሳህ ባትሪህ ከሙሽራዋ በፊት ያልቃል፤ አላነሳም ካልክ ትጣላለህ። ስለዚህ ከፍላሹ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀይ ቁልፍ ትጫናለህ። ፍላሹ ቦግ ይላል፤ ካሜራው ግን አያነሳም። ሰውየው ተነሳሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ባዶ ፍላሽ እንለዋለን። ስንቱን በዚህ እንደሸኘሁ አላስታውስም፤ አንዱም ፎቶዬ የት አለ ብሎ አልመጣም። ከአንዲት እናት በቀር።

ገለምሶ አንድ ሠርግ ነበር። የሙሽራዋ አክስት እትዬ በለጡ የጭሮ ሰው ናቸው፤ በአንድ ሚኒባስ ነው የሄድነው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ደምሴ የሚባል፤ ሠላሳውን ያለፈ፣ ከገለምሶ እስከ ቦኬ እየዞረ ወፍጮ የሚጠግን። የወፍጮ ቀበቶ የግራ ቅንድቡን ሰንጥቆ ጠባሳ ትቶበታል፤ በዚያ ያፍር ስለነበር ካሜራ ሲያይ ይሸሻል። ያን ቀን እትዬ በለጡ ለምነው ለምነው እሺ አሰኙትና እጁን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ አቆሙልኝ።

«ለኔ ብቻ የምትሆን አንዲት አንሳልኝ ልጄ፤ ሁለተኛ እሺ አይለኝም» አሉ።

ሰማንያ አምስቷ ትልቁ ካሜራ ላይ ነበረች። ባትሪው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሙሽራዋ ደግሞ ገና አልወጣችም። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ደቀንኩ። ደምሴን አየሁት፤ ምስሉን ሳይሆን ራሱን። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። መጀመሪያ አፍሮ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ለእናቱ ሲል ቀና ብሎ ፈገግ አለ። እንዲያ ያለ ፊት በሙያዬ ብዙ አላጋጠመኝም። ጥርት አድርጌ አየሁት፤ ጣቴም ማንሻው ላይ ነበር። ጣቴን አነሳሁና ቀዩዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ቦግ አለ። እትዬ በለጡ መረቁኝ። አንድ ፎቶ ስንት ባትሪ ይበላል? ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ መልሱ ልማድ ነው። ከልማድ የተሻለ ምክንያት እንኳ የለኝም።

በዚያው ክረምት ደምሴ ወደ ቦኬ ሲሄድ የተሳፈረበትን መኪና ጎርፍ ወሰደው። ስልኩም መታወቂያውም አብረውት ሄዱ። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ ፊቱን ግን ለእናቱ አላሳዩአቸውም። አርባው ሊደርስ ሲል እትዬ በለጡ ጥቁር ለብሰው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ያቺን ፎቶ ትልቅ አድርግልኝ» አሉ። «ሌላ የለኝም። ያን ቀን እንኳን አነሳህልኝ።»

የለችም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ነገ ይውሰዱ አልኳቸው።

የሠርጉን ፎቶዎች ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አገላበጥኩ። በትንሿ ካሜራ፣ በሰፊው ሌንስ ካነሳኋቸው ውስጥ ደምሴ አንድ ቦታ ተገኘ፤ ዳር ላይ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ይታያል፣ ፊቱ ግን በሚጨፍር ሰው ክንድ ተጋርዷል። ከአጠገቡ አንድ የማላውቀው ሰው ቆሟል፤ ዕቃ ሊያራግፍ መጥቶ ጭፈራውን የሚያይ ይመስላል። ጠይም፣ አገጩ ሾጠጥ ያለ፣ ዕድሜውም ከደምሴ የማይርቅ። ሌንሱ የለጠጠውን ፊቱን ሰበሰብኩ። ቆርጬ ደምሴ አንገት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያም የግራ ቅንድቡን ሰንጥቄ ጠባሳ ሣልኩበት። እጄ ሲሠራ ዓይኔ ያይ ነበር፤ አላወቅኩም አልልህም። በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሟች ጠባሳ ሣልኩ።

የእትዬ በለጡን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ ቆዩ። ሸሚዙን በጣታቸው ዳበሱ፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት አሉ። ጠባሳውን ዳበሱ። ከዚያ በቀስታ «ትንሽ ተለወጠብኝ» አሉ።

«ሌንሱ ነው እትዬ» አልኳቸው። «ሌንስ ሰው ይለውጣል። እሱ ነው።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ቃሌን አጠፋሁ፤ የጠፋው ልጅ ግን የሳቸው ነበር።

በአርባው ቀን ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ጧፍ በርቶለት ቆመ። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ እየቆመ አለቀሰ። ደምሴን በልጅነቱ የሚያውቁ ነበሩ፤ አንዱም እሱ አይደለም አላለም። አንድ ጓደኛው ብቻ ደጋግሞ ሲያየው ቆየና «እንዲህ ነበር እንዴ?» ብሎ ለራሱ ተናገረ። ከዚያ እሱም አለቀሰ። እኔም ተራዬን ጠብቄ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለት ዓመት አለፈ። የፎቶው መስታወት ተሰነጠቀና እትዬ በለጡ እንድቀይረው አመጡት። ፊቱን ማየት ስላልወደድኩ ጨርቅ ጣል አድርጌበት፣ ሰው ለፎቶ ከሚቀመጥበት ወንበር ጀርባ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። በማግስቱ ሐሙስ ነበር። አንድ ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገባ። ጃኬቱ ላይ የቡና ገለባ ተጣብቆበታል። ከመቻራ ቡና በሚያመጣ አይሱዙ ላይ ረዳት እንደሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ እንደፈለገ፣ ስሙም ሙሜ እንደሚባል ነገረኝ። እኔ ግን ገና በሩ ላይ ሲቆም ነው ያወቅኩት። ያን ፊት በእጄ ቆርጬዋለሁ።

ትንሿን ካሜራ አነሳሁ። እሷ ሰው ስታገኝ ዓይኑን ፈልጋ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ካሬ ታሳርፍበታለች። ካሬዋ ሙሜ ላይ አላረፈችም። በትከሻው ላይ አልፋ መደርደሪያው ላይ ሄደች። ጨርቁ ወርዷል። ካሬዋ የፎቶው የግራ ዓይን ላይ፣ ከጠባሳው ሥር ቁጭ አለች። ሙሜን ቀና በል፣ ቀረብ በል፣ ወደ ግራ ዙር አልኩት፤ ካሬዋ ከቦታዋ አልተነሳችም። ለሷ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አልነበረም።

ጨርቁን ልመልስ ስነሳ እትዬ በለጡ ፎቶውን ሊወስዱ ገቡ። መብራቱ ሥር የተቀመጠውን ሰው አዩ። አልጮኹም፣ አልደነገጡም። ቀጥ ብለው ሄደው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ በአውራ ጣታቸው የግራ ቅንድቡን ዳበሱ።

«ደምሴ» አሉ። «ጠባሳህ ዳነልህ?»

ሙሜ ወደኔ አየ። ምን ልበል እያለ በዓይኑ ጠየቀኝ። ተሳስተዋል እትዬ ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ሌንስ መወልወል ጀመርኩ። ሙሜ ደግ ሰው ነው፤ ደግ ባይሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የአሮጊት እጅ የያዘውን ፊት መንጠቅ አልሆነለትም።

«አዎ፣ አዮ» አለ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። «ዳነ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከመቻራ ሲመጣ ስኳር ይዞ ቤታቸው ይሄዳል። እሱ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ እትዬ በለጡ ደግሞ ልጄ ሥጋ አይወድም ብለው ለጎረቤት ይናገራሉ፣ ሽሮ ይሠሩለታል። ደምሴ ገለምሶ ሠርግ ላይ ቁርጥ ሲበላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እናቱ ግን ያን ረስተውታል። ከልጃቸው አንድ ነገር በወጣ ቁጥር አንድ የሙሜ ነገር ይገባል። ጎረቤቱም መጀመሪያ ያዝንላቸው ነበር፤ አሁን ሙሜ ሲያልፍ ደህና ዋልክ ደምሴ ይለዋል።

ባለፈው ዓመት ሙሜ እንደገና መጣ። የደምሴን ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ልክ ነው። የግራ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ተሰፍቷል። የአይሱዙው በር መታኝ፣ ቀላል ነው አለ።

«ወላሂ አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ሰው ሙሜ ብሎ ሲጠራኝ ቶሎ አልሰማም። ሚስቴ እንኳ ሁለቴ ነው የምትጠራኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ አልቆየም። «አዮ ፎቶዬን ትፈልጋለች። የአሁኑን።»

ትንሿን ካሜራ አነሳሁ። ካሬዋ ሳትዘገይ ሄዳ ዓይኑ ላይ፣ ከቁስሉ ሥር አረፈች።

አትሜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ስም ልጽፍበት እስክሪብቶ አንስቼ ቀና አልኩ። ሙሜ ትንሽ አሰበ፤ የረሳውን ነገር የሚያስታውስ ይመስል ነበር። ከዚያ «ደምሴ በለው» አለ። ጻፍኩ።

እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አሁን ለምን እንደተናገርኩ ልንገርህ። እናቱ የደምሴን ፊት ረስተዋል፤ ጓደኞቹም የሚያስታውሱት የኔን ፎቶ ነው። እውነተኛው ፊት የቀረው እኔ ጋ ብቻ ነበር፤ ያኔ በቀዳዳው ያየሁት፣ ለእናቱ ሲል ቀና ብሎ ፈገግ ያለው። እሱ እስካለኝ ድረስ ደምሴ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይኔን ስጨፍን የድንኳኑ በር ይመጣል፣ ነጩ ሸሚዝ ይመጣል፣ ጎንበስ ማለቱም ይመጣል። ቀና ሲል ሙሜ ነው። እፈራለሁ። በየቀኑ እሞክራለሁ፤ በየቀኑ ሙሜ ነው።

ለእትዬ በለጡ ሄጄ ልንገራቸው? ልጃቸውን ሁለተኛ እገድልባቸዋለሁ እላለሁ፤ ይህን ማለቴም ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ። ለሙሜስ ምን ብዬ ስሙን እመልስለታለሁ? ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ባትሪው ነው፣ ሙያው ነው፣ ሌንሱ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ሌንሱ አልነበረም። ሌንሷማ አይታው ነበር፤ ጥርት አድርጋ አሳይታኝ ነበር። ማንሻውን ያልተጫንኩት እኔ ነኝ።