እናቴን የገደለ የሕይወት ታሪክ

ደራሲ ሳይራብ አይጽፍም እያሉ ያስተማሩኝ ሰው ምሳቸውን አስተጓጉለው አያውቁም። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እዚህ አዳማ ያለው የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ሰብሳቢ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ የሞተ ደራሲ መጽሐፍ ምንባብ ያነቡልናል፤ ቀጥለው የደራሲውን መከራ ይተርካሉ። መከራው ሲበዛ አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን ይመጥጣል።

እኔም እመጥጥ ነበር። ዱከም ጫማ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ቅዳሜ በደብተሬ የቀዳኋቸውን ምንባቦች ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ እያነበብኩ በነዚያ ደራሲዎች ረሃብ እቀና ነበር። እነሱን ልምሰል ብዬ ቁርስ ተውኩ። አንድ ቀን የማስቲሹ ሽታ ባዶ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ማሽኑ ሥር ዘረረኝ። አለቃዬ "ምነው፣ ፆም ነው?" ሲለኝ "ግጥም ነው" ማለት አፈርኩ።

ክበቡ መድበል ሊያሳትም ሲነሳ አንድ ግጥሜ ተመረጠ። በመጽሐፍ ስታተም የመጀመሪያዬ ነበር። ከግጥሙ ሥር አጭር የሕይወት ታሪክ ይግባ ስለተባለ ጻፍኩ፦ አዳማ ተወለድኩ፣ ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል አቋረጥኩ፣ ጫማ እሰፋለሁ፣ እናቴ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች።

ሰብሳቢው እንዲህ አርመው መለሱልኝ፦ እናትና አባቴን በሦስት ዓመቴ አጥቻለሁ፤ ቆቃ ዳር ዓሣ አጥማጆች አሳድገውኛል፤ ፊደል የቆጠርኩት በጨረቃ ብርሃን ነው።

"ጋሼ፣ እናቴ አለች እኮ!"

"አውቃለሁ። ሽንኩርት የምገዛው ከእሷ አይደል?"

"ታዲያ?"

"ታዲያ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ማንን ያነሳሳል? ያ ሁሌ የሚያስለቅስህ ደራሲ እኮ አባቱ ባለወፍጮ ነበር።"

"እየለመነ አደገ ብለውን አልነበር?"

"ብያለሁ። አልቅሰህ ጻፍክ አይደል?"

የክበቡ ጸሐፊ ከጎን ሳቀች። "አንተ ደግሞ! እናትህ አታነብ፣ በምን ታውቃለች?"

እውነት ነው፣ አታነብም። ግን መጽሐፉን ለገበያተኛው ሁሉ እየዘረጋች "የልጄን አንብቡልኝ" እንደምትል አውቃለሁ። አንዱ ደግ ሰው መሞቷን ያነብላታል።

"ወይ እሷን ይመልሱ፣ ወይ ግጥሜን ይስጡኝ።"

"እንዳለ ነው የሚታተመው።"

ገጹን ከረቂቁ መካከል መዝዤ ወጣሁ። "ውለታ ቢስ!" የሚለው ድምፃቸው ደጅ ድረስ ተከተለኝ።

መድበሉ ያለ እኔ ወጣ። ከገጣሚዎቹ ዘጠኙ ወላጅ አልባ ናቸው። የአንዱ እናት ከእናቴ ጎን ቲማቲም ትሸጣለች። ባለፈው ሰኞ መጽሐፉን ከላስቲክ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

"ና እስቲ፣ አንተ ፊደል ትወዳለህ። የልጄን አንብብልኝ።"

ግጥሙን ብቻ አነበብኩላት። መናኛ ግጥም ነው። "ከሥሩ ያለውስ?" አለችኝ፣ በጣቷ ጽሑፉን እየነካች።

"የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነው" አልኳት።