ቆመን የሰማናቸው ተረቶች

ልጅ ሳለሁ፣ ሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተረት የምንሰማው በእግራችን ቆመን ነበር። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ከሐረር የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሶ ስለሚውል ማታ ማታ ከደረቱ በታች ይወጥረዋል፣ የበላው ወደ ጉሮሮው እየተመለሰ ያቃጥለዋል። ታዲያ እራቱን በጊዜ ይበላና፣ እናቴ ፋኖሱን በረንዳው ላይ ስትሰቅል፣ «ኑ እናንተ አይጦች! ተቀምጦ ተረት የሚሰማ ልጅ ቂጡ ሥር ይሰዳል» ብሎ ያስነሳን ነበር።

ከኋላው ተሰልፈን ግቢውን ቀስ እያልን እንዞራለን፤ ምድጃው ላይ የቀረው ፍም ቀልቶ ይታያል፣ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል። ያኔ የአባባ ተረት ሁሉ ለሆዱ በልኩ የተሰፋ ነበር። ቀጭኔዋ ከግራር አናት ቅጠል ስትቀነጥብ ጣቶቻችንን አቆላልፈን ወደ ላይ እንንጠራራለን፤ ነፋስ ሲያወዛውዛት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል እንላለን፤ የተጠማው ዝሆን ውኃ ፍለጋ ሲያሸት ሆዳችን እስኪነፋ በአፍንጫችን አየር ስበን በዝግታ እንለቃለን። «ቀስ! ሆድ በቁጣ አይፈታም» ይለናል። መጨረሻ ላይ ሲያገሳ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን።

ከዚያ የመንግሥትና የአማፂያኑ ጦርነት ከተማችን ውስጥ ገባ። መድፉ ሲበረታ እናቴና አባባ ጓሮ በቆፈሩት ጉድጓድ ተደበቅን፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ አፈር። አንገት ቀና የሚደረግበት አልነበረም። አባባ ጉልበቱን ከደረቱ አጣብቆ ተቀመጠ፤ እንኳን ሊንጠራራ ጠግቦ መተንፈስም አቃተው። ቃሩ ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ያስለው ጀመር። ሻሹን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ያፍነዋል፣ ተመልሶ ይመጣበታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወታደሮች የጎረቤታችንን በር ሲሰብሩ ሰማን። ሰው ካገኙ አይምሩም ነበር።

አባባ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ሰውነቴን ላፍታታ፣ መጣሁ» አላት። ሽርጡን ጨምድዳ ያዘችው። «አባዬ፣ በአላህ!» ጣቶቿን አላቀቀ፣ ቆርቆሮውን ገፍቶ ወጣ፣ መልሶም ከደነብን። በጓሮው በር ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ ሳሉ ይሰማን ነበር፤ አሁን አያፍነውም፣ ሆን ብሎ ጮክ አድርጎ ነው የሚስለው። ከስክስ ጫማዎች ከጎረቤት ግቢ ወጥተው ተከተሉት፣ ከእኛም ራቁ።

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ቆሞ እየተራመደ ነዋ! «ተሻለው» አልኩት ወንድሜን። እናቴ አፌን በመዳፏ ዘጋችው። ተኩስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሳል አልሰማንም።

አላነሳነውም፣ አልቀበርነውም። ወደ ኢትዮጵያ ከሚሰደደው ሕዝብ ጋር ስንወጣ እናቴ አስፋልቱ ጋ «ቀና እንዳትሉ» ብላ አንገታችንን አስደፍታ አሳለፈችን።

ዛሬ ተመልሼ እዚያው ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር እኖራለሁ፤ ያው ቃር ለእኔም ተርፏል። ሐኪሙ ከእራት በኋላ ወዲያው አትተኚ፣ ተራመጂ፣ ተንጠራሪ ይለኛል። አደርገዋለሁ፣ ሆዴም ላላ ይልልኛል። ተረቶቹን ግን ለልጆቼ ልነግራቸው እጀምርና ከመሀል ይጠፉብኛል። እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ያ ጉድጓድ ውስጥ የተሰማኝ ደስታ ይመጣብኛል። እሱ ሊሞትልን ሲሄድ እኔ ተሻለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለዚህስ ማን ሐኪም አለው?